አምፕሊፋየሩን ስንት እያጎረስኩት ነበር?

ይህን ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ነገሩ ትንሽ ነው። አንድ ቁጥር ነው። ስክሪኑ ጥግ ላይ፣ ዓይን የማያርፍበት ቦታ የተጻፈ አንድ ቁጥር። በእሱ ምክንያት ግን ሦስት ቀን ሙሉ ደህና ቦርድ ሳበላሽ ከረምኩ። ይባስ ብሎ ምንም ያላጠፋ ሰው በስልክ ተናገርኩ። ቦርዱን ረስቼዋለሁ። ስልኩ ግን እስካሁን ይከነክነኛል።

ጊዜው የማስተርስ ጥናቴን የምሠራበት ነበር። ከሰማይ የሚመጣውን የሃይድሮጅን ምልክት፣ ያንን 1420.4 ሜጋኸርዝ ላይ ያለውን፣ በትንሽ አንቴና መቀበል ፈልጌ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 ኢወንና ፐርሰል ሃርቫርድ ውስጥ፣ በመስኮት በኩል ባወጡት የቀንድ አንቴና ለመጀመሪያ ጊዜ የያዙት ምልክት ነው። ያንን ታሪክ ካነበብኩ ጀምሮ አዲስ አበባ ጣሪያ ላይ ቆሜ እሱኑ የመያዝ ምኞት ልቤ ውስጥ ገብቶ ነበር። ለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ደካማ ምልክትን የሚያጎላ አምፕሊፋየር ነው። ሁለት ቺፕ አከታትዬ አንድ ቦርድ ላይ አስቀመጥኩ። እያንዳንዱ 17 ዲቢ ገደማ ያጎላል፣ ሁለቱ ሲደመሩ 34። ዲቢ (ዴሲቤል) የእጥፍ መቁጠሪያ ነው፣ 10 ዲቢ አሥር እጥፍ፣ 20 ዲቢ መቶ እጥፍ። ባዶ ቦርዶቹ ከቻይና እስኪመጡ ሁለት ወር ጠበቅኩ። ቺፖቹን ደግሞ ዱባይ የሚሠራው የአጎቴ ልጅ በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው አስይዞ ላከልኝ።

መብራት ሲመጣ

ሰኞ ጠዋት ላብ ገብቼ ቦርዱን ከቬክተር ኔትወርክ አናላይዘሩ ጋር አገናኘሁት። ሁላችንም ቪኤንኤ ነው የምንለው። በፖርቱ (በመሰኪያው) በኩል ወደ ዕቃው ምልክት ይልክና ያለፈውንና የተመለሰውን ይለካል። መሣሪያው የድሮ ነው፣ ለብቻ የማይነሳ ከባድ ሣጥን፣ ግን ታማኝ ነው። ከእኔ በፊት የተጠቀመበት ሰው አስተካክሎና ካሊብሬት አድርጎ (የኬብሎቹን ስህተት ከልኬቱ አስወግዶ) ትቶት ሄዷል። ኤስ21ን፣ ከመግቢያ ወደ መውጫ የሚያልፈውን፣ ከፈትኩ። 34 ዲቢ። ወረቀት ላይ ያሰላሁት ቁጥር በአረንጓዴ መስመር ስክሪኑ ላይ ተዘርግቶ ሳየው የተሰማኝን ደስታ መግለጽ ይከብደኛል። በስልኬ ፎቶ አንስቼ ለአማካሪዬ ላክሁ።

ምሳ ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ መጣ። መሣሪያውን አበራሁና ግማሽ ሰዓት እንዲሞቅ ተውኩት። ካሊብሬሽኑ ከመብራቱ ጋር ስለጠፋ እንደገና ሾርት፣ ኦፕን፣ ሎድ፣ ትሩ የሚባሉትን የማስተካከያ መሰኪያዎች በየተራ እየገጠምኩ ሠራሁት። ቦርዱን መልሼ ገጠምኩ።

20 ዲቢ።

ኮኔክተሮቹን ፈትቼ መልሼ አጠበቅኩ። 20። ኬብል ቀየርኩ። 20። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፣ እዚህ አገር ለኖረ ሰው ሁሉ የሚመጣ ሐሳብ። መብራት ሲመጣ አቃጠለው። ፍሪጅ ወይም ቴሌቪዥን በዚህ መንገድ ያልሄደበት ቤት ስንት ነው? ስለዚህ አልተጠራጠርኩም። ሒሳቡም የሚያግዘኝ መሰለ። ከሁለቱ ቺፖች አንዱ ከሞተ የሚቀረው 17 ነው፣ 20 ደግሞ ከ17 ብዙም አይርቅም።

ለማረጋገጥ ሁለተኛውን ቺፕ በአጭር የኬብል ቁራጭ አልፌ የመጀመሪያውን ብቻውን ለካሁት። 16 ተኩል ዲቢ። በቃ፣ ሁለተኛው የሚጨምረው 3 ተኩል ብቻ ነው ማለት ነው፣ እሱ ነው የተቃጠለው አልኩ። ዛሬ ያንን ልኬት ሳስበው፣ መልሱ ሙሉ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበር። እጄ ላይ ነበር። ግን አስቀድሜ የፈረድኩበትን ነገር ለማስረገጥ ነበር የለካሁት፣ ስለዚህ የፈረድኩትን መልሶ ነገረኝ።

ቺፑን በሙቅ አየር አንስቼ አዲስ ተከልኩ። 20። ማክሰኞ ሙሉ ቀን ሌላ ቦርድ ከባዶ ገጣጠምኩ። መብራት መጥፋትና መምጣት ጨርሶ ያላየ አዲስ ቦርድ ነው። እሱም 20። እዚህ ላይ አንድ ሰው ቆም ብሎ ማሰብ ነበረበት፣ እኔ ግን ከመብራቱ ወደ ቺፖቹ ዞርኩ። ፎርጂድ ናቸው አልኩ። የሰኞዋን 34 ምን ላድርጋት? አንዱ ቺፕ ብቻ እንደ ዕድል ደህና ነበር፣ እሱም ተቃጠለ፣ ሌሎቹ ከመጀመሪያውም ፎርጂድ ናቸው። ሰው ሲጨንቀው ታሪክ መስፋት አያቅተውም።

ማታ የአጎቴ ልጅ ጋ ደወልኩ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አልጨረስኩም።

«የላክልኝ ዕቃ ፎርጂድ ነው። ከየት ነው የገዛኸው?»

ዝም አለ። ከሥራ ገና መግባቱ ነበር፣ ከኋላው የሊፍት ድምፅ ይሰማኛል። «ከትልቅ ሱቅ ነው የገዛሁት ወንድሜ፣ ደረሰኙም አለ» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ደረሰኝ ምን ያደርግልኛል?» ብዬ ዘጋሁት።

ረቡዕ ጠዋት ሌላ ቺፕ ለመቀየር ስሞክር፣ ሙቀቱ በዝቶ ከቦርዱ ላይ አንዷን የመዳብ ማረፊያ ይዞብኝ ተነሳ። ያ ቦርድ እዚያው አበቃለት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ? እኔ አህያውን የፈራሁት እንኳ አይመስለኝም። ጨርሶ አላየሁትም።

አንድ ማባዛት

ላቡን ለብዙ ዓመት የያዙት ቴክኒሻን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ የተቃጠለ ፍላክስ (የብየዳ ቅባት) ሸቷቸው ነው መሰለኝ ገቡ። ቦርዱን አላነሱም። ቺፑን አላዩም። ወንበር ስበው ቪኤንኤው ፊት ተቀመጡና መነጽራቸውን አደረጉ።

«ስንት እያጎረስከው ነው?»

«ምኑን ጋሼ?»

«አምፕሊፋየሩን ነዋ። መግቢያው ላይ ስንት እየሰጠኸው ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ሦስት ቀን ሙሉ የሚወጣውን ነበር ያየሁት። የሚገባውን አንድም ጊዜ አልጠየቅኩም። ጋሼ ጣታቸውን ስክሪኑ ጥግ ላይ አሳረፉ። 0 ዲቢኤም ይላል። ዲቢኤም ከአንድ ሚሊዋት አንጻር በዲቢ የሚቆጠር የፓወር መለኪያ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ መሣሪያው ራሱ የሚጀምርበት ቁጥር ነው። ሰኞ ጠዋት ሠርቶ የሄደው ሰው -30 ላይ ነበር የተወው። ያንን ግን እኔ አልሞላሁትም፣ ስለዚህ ሲጠፋም አላወቅኩም። ካሊብሬሽኑን እየተጣደፍኩ መለስኩ፣ ፓወሩን አልመለስኩም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህ ነው።

ጋሼ ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «ዜሮ ዲቢኤም ስንት ነው?»

«አንድ ሚሊዋት።»

«34 ዲቢስ ስንት እጥፍ ነው?»

«2,500 ገደማ።»

ጻፉት። 1 ሚሊዋት በ2,500። ሁለት ተኩል ዋት። ቀጠሉ። «ቦርድህ ከፓወር ሰፕላዩ ስንት ይበላል?» አየሁት። 5 ቮልት፣ 180 ሚሊአምፔር። አባዙት። 0.9 ዋት። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና፣

«0.9 ዋት የሚበላ ዕቃ 2.5 ዋት ከየት አምጥቶ ይስጥህ?» አሉኝ።

አሁንም ያንን ወረቀት አስታውሳለሁ። የመድኃኒት ቤት ደረሰኝ ጀርባ ነበር። የማስተርስ ተማሪ ነኝ፣ የኤስ-ፓራሜትር ማትሪክስ በቃሌ ነው የምጽፈው፣ ግን ይህቺን ማባዛት አላደረግኳትም። ማንም አላስተማረኝም ማለት አልችልም። ዲቢን እንደ ቁጥር ብቻ ለምጄው፣ ከጀርባው ዋት እንዳለ፣ ዋቱም ከሆነ ቦታ መምጣት እንዳለበት ረስቼ ነው።

ከዚያ ጋሼ የፓወሩን ቁጥር መቀነስ ጀመሩ። -10 አሉት። አረንጓዴው መስመር ከ20 ተነስቶ ወደ 30 ወጣ።

እዚህ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጉዳዩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። የሚገባውን ቀነሱት፣ ጌኑ ግን ጨመረ። ጌን ማለት የሚወጣው ለሚገባው ሲካፈል ነው። አምፕሊፋየሩ ጤነኛ አሠራሩ ላይ ከሆነ ግማሽ ብትሰጠው ግማሽ ያወጣል፣ ሬሾው አይነቃነቅም። መስመሩ ከተነቃነቀ እኛ ያየነው ጌን አይደለም። ያየነው አፉ የሞላ ዕቃ ነው። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ይባላል። ለሰው እሺ። አምፕሊፋየር ግን ሲጨነቅ የሚነግርህ ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ጉርሻህ ነው።

«መስመሩ አልንቀሳቀስም እስኪል ድረስ አውርደው» አሉኝና ቁልፉን ለእኔ ለቀቁልኝ።

-20 አልኩት። ከሣጥኑ ውስጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። 33 ተኩል። -30። ሌላ ቀጭ። 34። -40 አልኩት። ቀጭ። 34። አልተነቃነቀም። ሰኞ ያየሁት መስመር ነው። ቦርዱ ያልሞተ፣ ቺፑ ፎርጂድ ያልሆነ፣ መብራት ያላቃጠለው።

ያን ጊዜ ነው ሰኞ ከሰዓት የመጀመሪያውን ቺፕ ብቻውን የለካሁት ነገር የገባኝ። የመጀመሪያው ቺፕ ብቻውን 0 ዲቢኤም ተቀብሎ 17 ዲቢኤም ገደማ ያወጣል። ሁለተኛው ያንን ተቀብሎ 34 ላይ መድረስ ነበረበት፣ ግን ከ20 ዲቢኤም፣ ማለትም ከ100 ሚሊዋት በላይ የማውጣት አቅም የለውም። ሙሉ እንስራ ላይ ውኃ ስትጨምርበት እንስራው ተሰብሯል አይባልም። እኔ ግን «የሚጨምረው 3 ተኩል ብቻ ነው» ብዬ ሞቷል አልኩት።

ደግሞ ያቺ -20 ላይ የጎደለችው ግማሽ ዲቢ። እሷን እንኳ በአምፕሊፋየሩ ላላክክ ነበር። -20 ሲገባ የሚወጣው 14 ዲቢኤም ነው፣ አምፕሊፋየሩ ያንን ያለችግር ይሸከማል። የማይሸከመው ቪኤንኤው ነው። የእኛ መሣሪያ ተቀባዩ በትክክል የሚያነበው እስከ 10 ዲቢኤም ገደማ ነው፣ ከዚያ በላይ ራሱ መጨነቅ ይጀምራል። ስለዚህ የሚታነቅ ጉሮሮ ሁለት ነው። አንዱ የምትለካው፣ ሌላው የምትለካበት። ሁለቱም ሲታነቁ ስክሪኑ ላይ የሚያሳዩት ምልክት አንድ ዓይነት ነው። የቀነሰ ጌን።

ፖርቱ ሥር ደግሞ ትንሽ ቢጫ ጽሑፍ አለ፣ 26 ዲቢኤም ከፍተኛ ብላ። ከዚያ ካለፈ ነገሩ የተሳሳተ ንባብ መሆኑ ቀርቶ የተቃጠለ ፖርት ይሆናል። የእኔ አምፕሊፋየር 20 ላይ ስለሞላ ነው የተረፍኩት። አንድ ዋት፣ ማለትም 30 ዲቢኤም የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ፣ መላው ትምህርት ክፍሉ በአንድ መሣሪያ የሚሠራበት ቦታ ላይ ያንን መሣሪያ የገደልኩት ሰው እኔ እሆን ነበር። ይህን ሳስበው ዛሬም ሆዴ ይንቦጫቦጫል።

ከእሳት ወደ ረመጥ

ሐሙስ ጠዋት በአዲስ ጉልበት ገባሁ። ትናንት የበዛ ጉርሻ ነበር ያስቸገረኝ፣ ስለዚህ ዛሬ ባነሰ ቁጥር የተሻለ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ምክንያትም ነበረኝ። ይህ አምፕሊፋየር ሥራው ሰማይ መስማት ነው። በተለመደው የክፍል ሙቀት አንድ ሜጋኸርዝ ስፋት ውስጥ ያለው የሙቀት ኖይዝ (ከሙቀት ብቻ የሚፈጠር ጫጫታ) -114 ዲቢኤም ነው፣ የኔ ምልክት ደግሞ ከዚያም በታች የተደበቀ ነው። 0 ዲቢኤም ስሰጠው ከዚያ ኖይዝ 250 ቢሊዮን እጥፍ እየጮህኩበት ነበር ማለት ነው። ስለዚህ -60 አልኩት። ቀጭ ቀጭ ቀጭ አለና ተቀመጠ።

ኤስ21 አሪፍ ነበር። 34፣ ጥርት ያለ። ኤስ11ን ሳይ ግን መስመሩ ፀጉር አብቅሏል። ከመግቢያው ምን ያህል እንደሚመለስ ማየት ነበር የፈለግኩት፣ ያየሁት ግን ወዲያና ወዲህ የሚዘል ጭጋግ ነው። ኤስ12፣ ከመውጫ ወደ መግቢያ የሚያፈሰው፣ ጭራሽ የለም። ሁሉም ኖይዝ።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ጋሼን አልጠራሁም፣ ይህን ራሴ ልወጣው ፈልጌ ነበር። ኤስ21ን የሚያድነው አምፕሊፋየሩ ራሱ ነው። -60 ገብቶ -26 ይወጣል፣ ተቀባዩ በደንብ ይሰማዋል። ኤስ11 ግን የሚያጎላለት የለም። -60 ሄዶ፣ ጥሩ ከተዛመደ 15 ዲቢ ተቀንሶ -75 ይመለሳል፣ ከዚያ ውስጥ ደግሞ ትንሽ ቁራጩን ብቻ ነው ካፕለሩ የሚባለው ክፍል ለተቀባዩ የሚቀዳለት። ኤስ12 ይባስ። ከላይ ገደል ነበር፣ ከታችም ገደል አለ። ትክክለኛው ቦታ በሁለቱ መሀል ያለች ጠባብ መንገድ ናት፣ ለእያንዳንዱ ልኬት ደግሞ መንገዷ ትለያለች።

አንድ ሌላ ነገርም ዓይኔን ወጋው። ኤስ21 ላይ ቀድሞ ያልነበረ ቀጭን ሞገድ፣ ከአንድ ዲቢ ያነሰ፣ ወደ ላይ ወደ ታች የሚል። እሱን ለጋሼ አሳየኋቸው።

«ቀጭ ሲል ሰምተሃል?» አሉኝ።

ሰምቻለሁ። ግን የፓወር ቁጥር ስቀይር የሚሰማ ድምፅ ነው ብዬ ነበር ያለፍኩት። ነገሩ እንዲህ ነው። ስክሪኑ ላይ አንድ የፓወር ቁጥር ብቻ ስለምናይ አንድ ነገር የምንቀይር ይመስለናል። ውስጥ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንዱ ምንጩ ራሱ ነው፣ በኤሌክትሮኒክስ ጮክ ወይም ቀስ ይላል፣ ድምፅ የለውም። ሌላው አቴኑዌተሩ ነው፣ ምልክቱን የሚያዳክመው። የኛው መሣሪያ አቴኑዌተሩን ሳይነካ ከ10 እስከ -15 ዲቢኤም ብቻ ነው መሄድ የሚችለው። ከዚያ በታች ስትጠይቀው አቴኑዌተሩን ያስገባል፣ በ10 በ10 ዲቢ የሚገቡ ትንንሽ የመቋቋሚያ ክፍሎች ናቸው፣ በሜካኒካል ማብሪያ ማጥፊያ የሚቀያየሩ። ቀጭ የሚለው እሱ ነው። ለዚህ ነው ጋሼ ከ0 ወደ -10 ሲያወርዱት ዝም ያለው፣ እኔ -20 ስለው ግን የጮኸው።

ቀጭ ባለ ቁጥር ምልክቱ የሚሄድበት መንገድ ተቀይሯል። 10 ዲቢ የተባለው ክፍል በእያንዳንዱ ፍሪኩዌንሲ ላይ ልክ 10 አይደለም፣ ርዝመቱም ነጸብራቁም የራሱ ነው። ካሊብሬሽኑ ደግሞ የተሠራው በድሮው መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ አቴኑዌተሩን ከቀየርክ ካሊብሬሽኑ የሌላ መንገድ ካርታ ሆነ ማለት ነው። ምንጩን ብቻ፣ በዚያው ድምፅ በሌለው ክልል ውስጥ፣ ትንሽ ብታወርድ ወይም ብታወጣ ያን ያህል አይጎዳም። ይህን ልዩነት ከማኑዋል ብዙ ጊዜ አንብቤው ነበር። ጆሮዬ ላይ ቀጭ እስኪል ድረስ ግን አልገባኝም።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬ ተቀየረ። ኮኔክተር ከመንካቴ በፊት ሒሳቡን እሠራለሁ። የምጠብቀው ጌን ስንት ነው? ስንት ብሰጠው የሚወጣው ከአምፕሊፋየሩም ከተቀባዩም ልክ ቢያንስ 10 ዲቢ ዝቅ ይላል? ለዚያ ቦርድ መልሱ -35 አካባቢ ነበር። አቴኑዌተሩ በዚያ ቦታ ላይ እንዲቆለፍ አደርጋለሁ፣ ከዚያ ነው ካሊብሬት የማደርገው። ለካሁ ከተባለ በኋላ ምንጩን 5 ዲቢ ወደ ላይ አድርጌ አያለሁ። መስመሩ ካልተነቃነቀ አምነዋለሁ።

ፓወር ስታወርድ የምታጣውን ደግሞ በጊዜ ትገዛዋለህ። የአይኤፍ ባንድዊድዙን፣ ማለትም ተቀባዩ የሚሰማበትን የፍሪኩዌንሲ ስፋት፣ ከ1 ኪሎኸርዝ ወደ 10 ኸርዝ ካወረድከው ኖይዙ 20 ዲቢ ይወርዳል። ዋጋው 401 ነጥብ ያለው አንድ ስዊፕ (አንድ ሙሉ የልኬት ዙር) ግማሽ ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ማለቁ ቀርቶ 40 ሰከንድ ይፈጃል። ሻይ አስፈልተህ ትጠብቃለህ። ኤስ11ን እንዲህ ነው ፀጉሩን የላጨሁት።

ኤስ12ን ግን በትዕግሥት ብቻ አልደረስኩበትም። ለሁለቱ ፖርቶች የተለያየ ፓወር መስጠት ነበረብኝ። ፖርት 1፣ አምፕሊፋየሩ መግቢያ ላይ ያለው፣ -35 ይሰጣል። ፖርት 2 ከመውጫው በኩል 0 ቢሰጥ ምንም አይሆንም፣ ያንን የሚያጎላ የለምና። እዚህም ላይ አንድ ጣጣ አለ። የድሮዎቹ መሣሪያዎች ለሁለቱም አቅጣጫ አንድ አቴኑዌተር ነው የሚጠቀሙት፣ አቅጣጫ በተቀየረ ቁጥር ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል። ሜካኒካል ዕቃ ነው፣ ያልቃል። የኛው ይህን ስለሚያውቅ ስዊፑን አቁሞ ይይዝብሃል፣ አንድ ዙር እያስጀመርክ ነው የምትለካው። መጀመሪያ ብልሽት መስሎኝ ተናድጄበት ነበር። አሁን ሳየው መሣሪያው ራሱን መንከባከቡ ነው።

ብዙ ሰው የሚያደርገው ሌላ መፍትሔ አለ። ባለ 20 ዲቢ የውጭ አቴኑዌተር፣ ያቺን አውራ ጣት የምታህል፣ ፖርት 2 ኬብል ጫፍ ላይ መግጠም። ተቀባዩን ያድነዋል፣ ፖርቱንም ከመቃጠል ያድነዋል። አምፕሊፋየሩን ግን አያድነውም፣ እሱ ከመውጣቱ በፊት ነው የታነቀው። አቴኑዌተሯ ባለችበት ደግሞ ኤስ22ን፣ ከመውጫው የሚመለሰውን፣ እርሳው። የሚመለሰው ምልክት ሲሄድ 20 ሲመለስ 20 ይቀነስበታል፣ 40 ዲቢ ጠፍቶ የሚቀረው ነገር የአቴኑዌተሯ የራሷ ነጸብራቅ ነው። ያንኑ ዕቃ ፖርት 1 ላይ ገጥመው ኤስ11 የሚያነቡ ሰዎች አይቻለሁ። «እንዴት ያለ ጥሩ ማች ነው!» ይላሉ። ማች ማለት ምልክቱ ሳይመለስ መግባቱ ነው። ያዩት የአቴኑዌተሩን ማች ነው።

ፊልተር ወይም ኬብል ሲሆን ሁሉም ይገለበጣል። ፊልተር አይታነቅም፣ ስለዚህ መሣሪያው በንጽህና የሚችለውን ያህል ስጠው። የሚዘጋበት ቦታ ላይ ያለውን ጥልቀት ማየት የምትችለው ጮክ ስትል ነው።

አሁን ብዙ ልጆች ናኖቪኤንኤ፣ በእጅ የምትያዝ ትንሽ ቪኤንኤ፣ አላቸው፣ በጣም ደስ ይለኛል። ግን እሷ ውስጥ ይህ ሁሉ አቴኑዌተር የለም። የብዙዎቹ ሞዴሎች ምንጭ ኤስአይ5351 የተባለ የሰዓት ቺፕ ነው፣ የሚያወጣው ካሬ ሞገድ ነው፣ ማስተካከል የምትችለው ቺፑ የሚነዳበትን ከ2 እስከ 8 ሚሊአምፔር ያሉ አራት ደረጃዎች ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ከ300 ሜጋኸርዝ በላይ በሃርሞኒክ፣ ማለትም በዋናው ፍሪኩዌንሲ ብዜቶች፣ ነው የሚሠሩት። ይህ ማለት 1420 ላይ እየለካህ ሳለ አምፕሊፋየርህ ውስጥ እየገባ ያለው 284 ሜጋኸርዝ ነው፣ ከምትለካው አምስተኛው ሃርሞኒክ እጅግ የጎላ። አምፕሊፋየሩ የሚታነቀው ስክሪኑ ላይ በማይታይ ምልክት ነው። የውጭ አቴኑዌተር ከሌለህ፣ በመግቢያውም በመውጫውም፣ እባክህ አምፕሊፋየር አትግጠምባት። የፖርት 2 ቺፕ ስስ ነው።

ስልኩ

ረቡዕ ማታ፣ መስመሩ 34 ላይ በቆመ ቀን፣ ወዲያው ለአጎቴ ልጅ መደወል ነበረብኝ። አልደወልኩም። ሐሙስም አልደወልኩም። ለአማካሪዬ ግን ውጤቱን ልኬ ነበር። ይህን ሳስተውል ነው ያፈርኩት።

ዓርብ፣ የእሱ የዕረፍት ቀን ስለሆነ፣ ጠዋት ደወልኩ። አነሳው። «ቺፖቹ ደህና ናቸው» አልኩት። «ከመጀመሪያውም ደህና ነበሩ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ይቅርታ አድርግልኝ።» ስለ ፓወርና ስለ ዲቢኤም ማስረዳት ጀመርኩ፣ አቋረጠኝ።

«እኔኮ ሱቁ ተመልሼ ሄጃለሁ» አለኝ። ረቡዕ ከሥራ ፈቃድ ጠይቆ፣ ደረሰኙን ይዞ፣ ሁለት ባቡር ቀይሮ ሄዶ ተከራክሯል። ሻጩ ሣጥኑን አውጥቶ ቁጥሩን እያሳየው ኦሪጅናል ነው ብሎ ምሎለታል። «አላመንኩትም፣ አንተን ነው ያመንኩት» አለኝ።

ምን እንደምል ጠፋኝ። ትንሽ ዝም ተባባልን። ከዚያ እሱ ነው የጀመረው፣ «እሺ አሁን የጎደለህ ነገር አለ?» ብሎ።

ባለ 20 ዲቢ አቴኑዌተር አልኩት፣ ሁለት። ምን እንደሚሠራ ጠየቀኝ። ምልክት ያዳክማል አልኩት። «ያንን ሁሉ ለማጎላት ስትለፋ ከርመህ?» አለና ሳቀ፣ ስሙን ግን ፊደል በፊደል አስጻፈኝ። ለፋሲካ ራሱ መጣ። ሁለቱን አቴኑዌተሮች ካልሲ ውስጥ ጠቅልሎ ሻንጣው ጥግ አስቀምጧቸው ነበር፣ ደረሰኙ አብሮ ታጥፎ።